እንደ ቡና የቀላቀልኳቸው ሴሎች

ከጅሬን ኮረብታ እስከ ሊሙ ገነት ድረስ ፀሐይ ወጥታ ሥራ ሳትፈታ የምትውለው በእኔ ምክንያት ነው። በዚህ አገር እጄ ያላረፈበት የፀሐይ ፓነል የለም፤ ካለም ገና ከሳጥኑ አልወጣም። ደመና እንኳ ሲያየኝ መንገድ ይለቃል ይባላል። የሚለው እኔ ነኝ እንጂ፣ ይባላል።

እንግዲህ ይህን ካልኩ ስለ መጀመሪያው ፓነሌም ልናገር። ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ካለው ወርክሾፓችን ደጃፍ አቁሜው፣ ሰፈሩን ሰብስቤ፣ መጀመሪያ ሬዲዮ፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥን፣ ሲመሽ ደግሞ ወፍጮ ቤቱን አስነሳበታለሁ ብዬ ፎከርኩ። ሬዲዮው አልተነፈሰም። ለካ ከመሃል ያሉትን ሴሎች ፊትና ጀርባቸውን አምታትቼ ነው የበየድኳቸው፤ ግማሾቹ ወደ ጅማ ሲጎትቱ ግማሾቹ ወደ አጋሮ ይጎትታሉ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ዱቄቱን ከቅንድቡ እያራገፈ፣ እስከዚያው በናፍጣ ልፍጭ ወይስ ልጠብቅህ ብሎ ጠየቀኝ። ይህ ጥያቄ ለዓመታት ቅጽል ስሜ ሆኖ ቀረ። «ልጠብቅህ» ብለው ሲጠሩኝ አቤት እል ነበር።

አሁን ካውያዬን አስቀምጬ ከብየዳው ጠረጴዛ ተነስቻለሁ። ሽማግሌ አይደለሁም፤ ጢሜ ብቻ ነው ቸኩሎ የሸበተው። ከጠረጴዛው የተነሳ ሰው ደግሞ የሚሠራው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ጎረቤት ያስቸግራል፣ ወይ ይጽፋል። ጎረቤቶቼ ጻፍ አሉኝ።

ከፀሐይ በፊት የቡና ሰው ነበርኩ። አባቴ ከሰሜን መጥቶ ጅማ ላይ የልብስ ስፌት ቤት የከፈተ ሰው ነው፤ እኔ ግን ከወጣትነቴ ጀምሮ አጋሮ በአንድ የቡና መጋዘን ነበር የምውለው። አለቃዬ ጋሽ ደምሴ ይባል ነበር። በዓይኑ ጥቅሻ ሙሉ የጭነት መኪና የሚያስቆም፣ ቡና በአፍንጫው የሚመዝን ሰው። ከእሱ የተማርኩት አንድ ትልቅ ጥበብ ቅልቅል ነው። ደካማውን ቡና ለብቻው ካቀረብከው ያዋርድሃል፤ በደህናው መሃል እፍኝ እፍኝ ከበተንከው ግን ደህናው ተሸክሞት ያልፋል ይለኝ ነበር። በአካፋ እየገለበጥኩ እቀላቅል ነበር። ማዳረሱን ከተካንኩ በኋላ የትኛው ጆንያ ውስጥ ምን እንዳለ እኔም አላውቀውም ነበር፤ የቅልቅል ሊቅነት ማለት ይኸው ነው።

መጋዘኑ ሲዘጋ ጅማ ተመልሼ ሐጂ ነዚፍ ዘንድ ገባሁ። ሐጂ የጅማ ሰው ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም እዚሁ የኖሩ። ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖረው፣ ሰው ሁሉ ሬዲዮውን በስልኩ ማዳመጥ ሲጀምር ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዞሩ። ያለቀለትን ፓነል አምጥቶ የሚሸጥ በየሱቁ ሞልቷል። ሐጂ ግን ሴሉን ለብቻው ያስመጣሉ። እንደ ደረቅ ቅጠል የሳሳች፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ከመዳፍ ሰፋ የምትል ነገር ናት። እሷን በጥብጣብ ሽቦና በቀለጠ ሊድ እያያዝን፣ በመስታወትና በነጭ ጀርባ መካከል አስተኝተን፣ በትኩስ መጭመቂያ አጣብቀን፣ በአልሙኒየም ከፍፈን ፓነል እናደርጋታለን። ሱቅ የማይገኝ ልክ ለሚፈልግ ሁሉ የምንሠራው እኛ ነን፤ ለጠባብ ጣሪያ፣ ለመስጊድ ድምፅ ማጉያ፣ ለንብ ማነቢያ ጎጆ።

ሐጂ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት እጃቸውን ለሶላት እንደሚታጠቡት አድርገው ይታጠባሉ፤ ቀለበትና ሰዓት ያወልቃሉ። ሴሏን በሁለት ጣት ይዘው ከጆሯቸው አጠገብ ቀስ አድርገው ያርገበግቧታል። ደህና ከሆነች ቀጭን የብረት ድምፅ ትሰጣለች፤ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ካለባት ድምጿ ይሰንፋል። ቀልድ በብየዳ ሰዓት ክልክል ነው። ሳቅ ሴል ይሰብራል ይሉ ነበር፤ እውነታቸውን ነው፤ የእኔ ቀልድ ብቻውን አንድ ካርቶን ፈጅቷል።

መጀመሪያ የገረመኝ ነገር፣ ሴሎቹ አንድ በአንድ ሲለኩ የሚሰጡት ተደምሮ ፓነሉ ከሚሰጠው ይበልጣል። ሌባ አለ እንዴ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሴል ለብቻው ሳለ ወንደላጤ ነው» አሉኝ። «ፓነል ሲገባ ባለትዳር ይሆናል። መስታወቱ ከብርሃኑ ትንሽ ይመልስበታል፤ ጥብጣቡ ሞቆ ትንሽ ይበላበታል፤ በደንብ ያልያዘ የሊድ ነጥብ ሁሉ ድርሻዬን ይላል። የእኛ ሥራ ተቀናሹን ማሳነስ ነው።»

ትዳሩ ግን የሚጨምረውም ነገር አለው። አንድ ቀን ሴሎቹን ጥግ ለጥግ አጣብቄ፣ ክር እንኳ እንዳያልፍ አድርጌ ደረደርኩ። ሐጂ መጥተው ሁሉንም በትነው በየመሃሉ የክብሪት እንጨት አጋደሙ። በዚያ ክፍተት የምትወድቀው ፀሐይ ልትባክን ነው ብዬ ተከራከርኩ። እሳቸውም ከኋላ ያለው ነጭ ስለሆነ ብርሃኑ ነጩ ላይ ወድቆ ወደ መስታወቱ እንደሚነጥር፣ መስታወቱም መልሶ ሴሏ ላይ እንደሚጥለው አስረዱኝ። ለክተን አየነው፤ የመለኪያው መርፌ ፀጉር ታህል ከፍ አለ። ሐጂ ለዚያች ፀጉር አልሐምዱሊላህ አሉ። እኔ ደግሞ በሳምንቱ የክብሪቱን ነገር ያገኘሁት እኔ እንደሆንኩ ለግማሽ ጅማ አውርቼ ነበር።

ሌላው ልማዳቸው መጫን ነው። የትኛውም ፓነል የጭነት መኪና የፊት አምፖል ተሸክሞ ሳያበራ ከወርክሾፑ አይወጣም። ያልተጫነ አህያ ሁሉ ጎበዝ ነው የምትል አባባል ነበረቻቸው፤ በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚሏት ጆሮዬ ለመዳት፤ የለመደ ጆሮ ደግሞ አይሰማም።

የሊሙው ሥራ የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። አዴ ዘይነባ ሊሙ ገነት አካባቢ ያለ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት። የማኅበሩ ጣቢያ ቀይ እሸት ቡና ተቀብሎ ይፈለፍላል፣ ያጥባል። ውሃውን ከወንዝ የሚስበው የናፍጣ ሞተር ነበር፤ ናፍጣ በጠፋ ቁጥር ደግሞ እሸቱ ተከምሮ ይሻግታል። አዴ ዘይነባ ብዙ ተከራክረው አባላቱን አሳመኑ። ሞተሩ ለጎረቤት ማኅበር ተላለፈ፤ ፓምፑ በፀሐይ እንዲሠራ ተወሰነ። ነገሩን ያልወደዱ ሽማግሌዎች ነበሩ። ውሃው ከቀረ ሴትዮዋ ከወንበሯ ትነሳለች፤ ሊሙም የታጠበ ቡና ማቅረቡን ይተዋል የሚለው ወሬ እኛ ጋ ጅማ ድረስ ደርሷል።

በዚያው ሰሞን ሐጂ ለዑምራ ሄዱ። ሲወጡ ያሉኝ ግልጽ ነበር። የመጣው የሴል ካርቶን ጠንካራም ደካማም ያለበት ስለሆነ፣ አንድ በአንድ ለክተህ መሳዩን ከመሳዩ ጋር አድርግ፤ ሳትጭን አታውጣ። ኢንሻላህ አልኩ።

ለካሁ። እውነትም ጠንካራው ብዙ፣ ደካማው ጥቂት ነበር። ያን ጊዜ የጋሽ ደምሴ ትምህርት ከአጋሮ ድረስ መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ደካሞቹን ለምን አንድ ላይ አድርጌ የሚያሳፍር ፓነል እሠራለሁ? በእያንዳንዱ ፓነል ሁለት ሁለት ባዳርሳቸው ደህናዎቹ ተሸክመዋቸው ያልፋሉ፤ ፓነሎቹም ሁሉ እኩል ይሆናሉ። ሐሳቤን በይፋ ነው የተናገርኩት፤ በወርክሾፑ ያለነው ሁሉ የቡና አገር ሰዎች ስለሆንን ማንም አልደነቀውም። እንዲያውም አንዱ ባልደረባዬ ይሄ ሐጂም ያላሰቡት ነው ብሎ አሞገሰኝ። እኔ ደግሞ እንደ ሊድ ነኝ፤ ትንሽ የሙገሳ ሙቀት ካገኘሁ እፈሳለሁ።

የጅማ ዝናብ ያን ሰሞን አላቋረጠም። ፀሐይ ብቅ የምትለው እንደ ባለዕዳ ነው፣ አየት አድርጋን ትጠፋለች። አምፖል ለመጫን የሚበቃ ፀሐይ ስላጣን በቴስተር ቮልቱን ብቻ ለካን። ሙሉ። ሁሉም ሙሉ። በኩራት አስጭኜ ሊሙ ወሰድኩት፤ ተከልኩት፤ መረቅሁትም።

እሸት የመጣ ቀን ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ጠርቶ ነበር። አባላቱ ቀይ ፍሬ በቅርጫትና በጆንያ ይዘው ተሰልፈዋል። ንግግር አደረግሁ፤ ከንግግሬ ውስጥ ዓባይ የሚለው ቃል እንደነበረበት አስታውሳለሁ። ማብሪያውን ጫንኩት። ፓምፑ ጎርነን አለ፣ አንድ ባልዲ የማይሞላ ውሃ ተፋ፣ ቆመ። ደግሜ ጫንኩት። ሳል ብቻ።

ቴስተሩን አወጣሁ። ቮልቱ ሙሉ ነው። ፓምፑን ተሳደብኩ፣ ሽቦውን ፈታሁ፣ አሰርኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የናፍጣው ሞተር ድምፅ ናፈቀኝ ሲል ሌሎቹ ሳቁ። አዴ ዘይነባ አልሳቁም። ፀሐይዋን አዩ፣ የተከመረውን እሸት አዩ፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«ታደለ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ እውነቱን ንገረኝ። ዛሬ ይሠራል አይሠራም?»

በሕይወቴ በአንድ ቃል የመለስኩት ጥያቄ ይህ ብቻ ይመስለኛል። «አይሠራም» አልኩ።

እሳቸውም እሸቱ እንዳይሻግት ከነልጣጩ የማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል ሆኖ እንዲደርቅ አዘዙ። ጀንፈል ቡና አይደለም አይባልም፤ ነገር ግን የደከሙበት የታጠበ ቡናቸው ስም በዚያ ቀን እሸት ውስጥ የለም። ሴቶቹ እሸቱን ሲበትኑ እኔም በትኛለሁ። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለስድብ መልስ አላጣም።

ሐጂ ከዑምራ ተመልሰው አዲስ አበባ ገብተው ነበርና ደወልኩ። ነገሩን ከዳር እስከ ዳር አወራሁ።

«አምፖሉን ጫንክበት?»

«ቮልቱ ሙሉ ነው ሐጂ።»

«ቮልት ማለት አህያው መቆሙ ነው። እኔ የጠየቅኩህ መሸከሙን ነው።»

ቤታቸው ሳይገቡ በቀጥታ ሊሙ መጡ። ነጭ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ፣ ከመካ ያመጡትን ቴምር ለአባላቱ አደሉና ወደ ፓነሎቹ ሄዱ። በመዳፋቸው የፓነሎቹን ጀርባ እየዳሰሱ አለፉ፤ አንዳንድ ቦታ ሲደርሱ እጃቸውን እንደ ተቃጠለ ሰው ያነሳሉ። እኔም ነካሁት። ልክ ደካሞቹን ያስተኛሁበት ቦታ እንደ ምጣድ ግሏል።

ከዚያ ከሻንጣቸው ሁልጊዜ የማትለያቸውን ትንሽ ፓነል አውጥተው አምፖል አሰሩባት። አምፖሉ በራ። አባላቱ እያዩ ኮፍያቸውን አወለቁና አንዷ ሴል ላይ ብቻ አስቀመጧት። አምፖሉ ጠፋ።

«የሸፈንኩት አንዷን ነው» አሉ ሐጂ። «ሌሎቹ ፀሐይ ላይ ናቸው። ያ ጀማዓ፣ ቡና ጀበና ውስጥ ሲገባ ይዋሃዳል፤ ሴል ግን አይዋሃድም፣ ይሰለፋል። ጠባብ መንገድ ላይ እንደሚሄዱ በቅሎዎች ነው፤ የምታነክሰው የሄደችውን ያህል ነው ሁሉም የሚሄዱት። ታደለ በየፓነሉ አንድ አንድ ኮፍያ አስቀምጦበታል።»

ሁለት ሁለት ነው ብዬ ላርማቸው ፈልጌ ነበር። ተውኩት።

አንድ ሽማግሌ እንግዲህ ሞተራችንን እንለምን አሉ። አዴ ዘይነባ በሐጂና በእኔ መካከል ቆመው አባላቱን አዩ። «እስከሚቀጥለው ጁምዓ ድረስ ታገሱኝ» አሉ። «ከሶላት በኋላ ውሃ ከሌለ እኔው ራሴ ተነስቼ ሌላ ሊቀመንበር አስመርጣችኋለሁ።» እንዲህ ያለ ቃል በሰው ፊት የሰጠ ሰው ሊሙ ውስጥ መልሶ አይውጠውም።

በመስታወት የታሸገ ፓነል ተከፍቶ ሴሉ አይወጣም። ስለዚህ ጅማ ተመልሰን ከካርቶኑ በቀረውና ሐጂ ባስቀመጡት ሴል አዲስ መሥራት ነበረብን። የሐጂ የመጀመሪያ ሥራ ቡና መጋዘን ሄደው ለቃሚ ሴቶችን መጥራት ሆነ፤ እነዚያን ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ሲለዩ የሚውሉትን። መሪያቸው ከድጃ ትባላለች። ሴሏ በመብራት ሳጥን ውስጥ ትቀመጣለች፣ መርፌው ይነበባል፣ እንደ ንባቧ ከእህቶቿ ጋር ትከመራለች። እኛ እየተፈራረቅን ብንሠራ ዓይናችን ይዝል ነበር፤ እነሱ እያወሩ፣ እየተሳሳቁ፣ አንዲት ሳይሳሳቱ ጨረሱት። የሐጂ የሳቅ ሕግ ለእነሱ አልሠራም።

«ጋሼ ታደለ» አለችኝ ከድጃ እጇን ሳታቆም፣ «እኛ የተቀላቀለውን ስንለይ ዕድሜያችንን ጨረስን። አንተ ደግሞ የተለየውን ትቀላቅላለህ።»

«ሥራ እንዳትፈቱ አስቤ ነው» አልኳት።

«ኤዬ፣ አስብልን።»

ያኔ ነው ዓይኔ የተገለጠው። ደካማዎቹን አልጣልናቸውም። ደካማ ከደካማ ጋር በራሳቸው ፓነል ተሰለፉ፤ ጠንካራም ከጠንካራ። ማንም ማንንም አላስጠበቀም። ጠንካሮቹ ፓነሎች አምፖሉን ዓይን እስኪወጋ አበሩት፤ የደካሞቹ ፓነል እንኳ፣ ያ አሳፋሪ ይሆናል ብዬ የሸሸሁት፣ እኔ ቀላቅዬ ከሠራሁት የትኛውም አላነሰም። የሴሎቹ ዓይነት ያው፣ ፀሐይዋ ያቺው፣ ለውጡ አሰላለፉ ብቻ ነው። እኔ በጋሽ ደምሴ ምዬ የኖርኩ ሰው፣ አንድ ሙያ ሌላው ቤት ሲገባ ጫማ እንደሚያወልቅ የተማርኩት በዚያ ሳምንት ነው።

ቀጥሎ ብየዳው መጣ። የሊሙን ፓነሎች በገዛ እጄ በይጄ ስሜን አጥባለሁ ብዬ እጅጌዬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ሦስት ሆነን ረድፍ ረድፉን እንሠራለን፤ ሐጂ እያንዳንዱ ረድፍ ሳይታሸግ ይጭኑበታል። አንዳንዱ ረድፍ አምፖሉን ቦግ ያደርገዋል፤ በአንዳንዱ አምፖሉ ቀላ ብሎ ይቀራል፤ ጥብጣቡ ይሞቃል። ደካማ ሴል የለበትም፤ ተለይቷል። ሐጂ የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ አምፖሉ የቀላባቸውን ወደ አንድ ጎን አደረጓቸው። ሲሰበሰቡ ሁሉም የእኔ ነበሩ።

ሐጂ አጠገቤ ዝቅ ባለችው በርጩማቸው ተቀመጡና አንዲት ሴል በእጄ ሰጡኝ። ሴል ላይ ጥብጣቡ የሚያርፍበት ቀጭን የብር መስመር አለ፤ ሊዱ ከሱ ላይ ከወጣ አይይዝም።

«መስመሯን በጣትህ አሳየኝ» አሉ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ቀስ ብለው።

አሳየኋቸው። ጣቴን ይዘው ወደ ግራ አንሸራተቱት። ከዚያ መስታወት የሚያጥብ ሰው ያስፈልገናል፣ አቧራ ያለበት መስታወት ብርሃን ይበላል አሉኝ። ደህና አድርጌ አጠብኩ። የእኔን ቦታ ሐጂ ራሳቸው ያዙት፤ ከድጃም ሲያሳዩዋት ቆይታ አጠገባቸው ተቀመጠች። የመጀመሪያ ረድፏ ቦግ ሲል ሴቶቹ እልል አሉ።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሊሙ ላይ ሰው ከተራራው ሁሉ ወርዶ ነበር። ንግግር አድርግ ሲሉኝ እምቢ አልኩ፤ ይህም በራሱ ተአምር ተብሎ ተወራ። አዴ ዘይነባ ማብሪያውን ራሳቸው ጫኑት። ፓምፑ ጎርነን አለ። የቧንቧው አፍ መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ጭቃማ ውሃ ተፋ፤ ከዚያ ውሃው ጠራና ገንዳውን እየደበደበ መውረድ ጀመረ፤ አላቆመም። የመፈልፈያው ጎማ ሲዞር ቀዩ ልጣጭ በአንድ በኩል፣ ነጩ ፍሬ በሌላ በኩል ተለያየ። የናፍጣው ሞተር የናፈቃቸው ሽማግሌ እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ቆዩ። አዴ ዘይነባ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እሸት ተቀባዩ ሥራውን እንዲጀምር ነገሩትና ወደ ሚዛኑ ሄዱ። ወንበራቸው ላይ ዛሬም አሉ።

የቀላቀልኳቸውም ፓነሎች አልተጣሉም። ትንሽ ሸክም ይችላሉና በየሻይ ቤቱ ስልክ ይሞላሉ። የወርክሾፑን የብየዳ ጠረጴዛ የምትመራው አሁን ከድጃ ናት፤ ሴሉን ለሁለት ከፍላ መሥራት ጀምራለች፤ ግማሽ ሴል ከረንቱ ግማሽ ስለሆነ ጥብጣቡ ብዙም አይሞቅም፣ ተቀናሹም አነሰ። ሐጂ በርጩማቸው ላይ ሆነው፣ ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሰው፣ ክብሪት በኪሳቸው ይዘው ያያሉ። እኔ በየቡና ከተማው እየዞርኩ ጣሪያ እለካለሁ፣ ሰው አሳምናለሁ፣ አስጭናለሁ። ዘንድሮ ሌሎች ጣቢያዎችም ከናፍጣ ሊወጡ ጠይቀውናል።

ሊሙ በሄድኩ ቁጥር አባላቱ ለእንግዳ ሲያስተዋውቁኝ፣ ይሄን ውሃ ያወጣልን የታደለ እጅ ነው ይላሉ። እስከ ዛሬ አላረምኳቸውም። በእነዚያ ፓነሎች ውስጥ እኔ የበየድኩት አንዲት ነጥብ የለም። ከጠረጴዛው ለምን ተነሳህ ለሚሉኝም ምላሴ ከእጄ ስለሚበልጥ ነው እላለሁ። እውነቱ የብር መስመሯን ማየት ስለተሳነኝ ነው። ሐኪሙ መነጽር አዞልኛል፤ መልኬን ያበላሸዋል ብዬ አልገዛሁም። ይህን ሁሉ የጻፍኩት በር ዘግቼ የባለቤቴን መነጽር አድርጌ ነው። ክፈፉ ሮዝ ነው፤ በጎኑም አበባ አለበት።